ዘይት የምትጠጣው ነጭ መኪና

ዛሬም ቢሆን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሽታ በመስኮቴ ሲገባ እጄ እኔን ሳይጠይቅ መስኮቱን ወደ መዝጋት ይሄዳል። በቅርቡ አዳማ ላይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ፣ ከፊቴ የነበረ አሮጌ የጭነት መኪና ሰማያዊ ጭሱን ለቆብኝ ሲነሳ፣ ከኋላዬ ያሉት ጥሩምባ እየነፉብኝ እንኳ እግሬን ማንቀሳቀስ አቅቶኝ ነበር። የናፍጣ ሽታ ብቻ አይደለም፤ ድስት ውስጥ ተረስቶ ያረረ ቅባት የመሰለ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ፣ ልብስ ውስጥ ገብቶ የሚያድር ሽታ ነው። አምስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ቤታችን እንዲህ ይሸት ነበር።

ያኔ አሰላ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ፣ ባሕር ዛፍ በከበበው ግቢ እንኖር ነበር። አባቴ ግርማ ከሁሩታ በላይ ካለ የደጋ ቀበሌ የተወለደ የገበሬ ልጅ ሲሆን፣ የአያቶቹ አያቶች ከሸዋ መጥተው እዚያው ሥር የሰደዱ፣ እሱም አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀለ ያደገ ሰው ነበር፤ ሲደሰት በአማርኛ፣ ሲናደድ በኦሮምኛ ነው የሚናገረው እያለች እናቴ ትስቅበት ነበር። እናቴ የሺ ደግሞ የሂሳብ አስተማሪ ሆና ከደብረ ማርቆስ ተመድባ መጥታ፣ ለአንድ ዓመት ብላ የገባችበት ከተማ ውስጥ አባቴን አግኝታ የቀረች ሴት ነበረች። ወንድምም እህትም ስላልነበረኝ የሁለቱን ጨዋታም ሆነ ኩርፊያ የምሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አባቴ ከፊትና ከኋላ ወንበር፣ ከዚያም ወዲያ የዕቃ መጫኛ ያላት አንዲት ነጭ የናፍጣ ፒካፕ ነበረችው። አዲስ ባትሆንም ከሰው ይልቅ የምትታመን ናት እያለ ይኮራባት ነበር። ክረምቱ ወጥቶ የአርሲ ስንዴ ቢጫ ሲሆን ኮምባይነሮቹ ከየአቅጣጫው መጥተው ከማሳ ማሳ እየተዛወሩ ማጨድ ይጀምራሉ፤ አባቴም በርሜል ናፍጣ፣ ማሽኑን የሚያዞር ቺንጋና ሌላ መለዋወጫ ጭኖ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ፣ ከኢተያ እስከ ሁሩታ፣ አንዳንዴም እስከ አርቦዬ ድረስ ይዞር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ይዞኝ ሲሄድ፣ ኮምባይነሩ የሚተፋው የገለባ ብናኝ ሜዳውን እንደ ጉም ሸፍኖት፣ አባቴ መስኮቱን ዘግቶ ቀስ እያለ በመካከሉ ሲያልፍ፣ አቧራው መስታወቱ ላይ እንደ በረዶ ሲንጣጣ እሰማ ነበር። ቤት ስንደርስ ቅንድቡም ሽፋሽፍቱም ነጭ ሆኖ ሽማግሌ ይመስላል። እናቴ ውኃ በሳፋ ይዛ እየጠበቀችው፣ «አንተን አጠብኩ፤ እሷ ውስጥ የገባውን ማን ሊያጥበው ነው?» ትለው ነበር። ለቀልድ ነበር የምትለው።

ጥምቀት አልፎ ብርዱ ሲበረታ ነው የመጀመሪያው ምልክት የታየው። አባቴ ጠዋት ጠዋት መኪናዋን ከማስነሳቱ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ፣ ቀጭኑን የዘይት መለኪያ መዞ በጨርቅ ጠርጎ፣ መልሶ ከትቶ እንደገና ያወጣና ወደ ብርሃን አዙሮ ያየው ነበር። ከልማድ ብዛት እያዛጋ ነበር ይህን የሚያደርገው። አንድ ጠዋት ግን ማዛጋቱን ትቶ መለኪያውን ደጋግሞ ሲጠርግ፣ ደጋግሞም ሲከት አየሁት። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ወርዶ ነበር። «በቅርቡ ነው የቀየርኩት» እያለ ጨመረበትና ሄደ። በሳምንቱ ደግሞ ጨመረ። መኪናዋ ስትነሳ የምታወጣው ጭስ ሰማያዊ እየሆነ መጣ፤ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ግቢው ውስጥ ለመሬት ቀርቦ ይንከባለልና እናቴ ያሰጣችው ልብስ ላይ ይተኛ ነበር።

አባቴ መጀመሪያ የሚፈስ መስሎት ነበር። አመሻሽ ላይ ከሥሯ ካርቶን ዘርግቶ ያሳድርና ጠዋት ጎትቶ ያየዋል፤ ካርቶኑ ግን እንደተዘረጋው ደረቅ ሆኖ ይገኛል። «ካልፈሰሰ ታዲያ የት ገባ?» ብዬ ጠየቅኩት። ወደ ኋላዋ ዞሮ የጭስ ማውጫዋን ጫፍ በጣቱ ጠረገና አሳየኝ፤ ጣቱ ላይ የቀረው ጥላሸት እንደ ቅባት የሚያጣብቅ ነበር። «እየበላችው ነው» አለ፣ ስለ ሰው ሐሜት እንደሚናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከወንበሩ ጀርባ የዘይት ጄሪካን ተቀመጠ፤ ወደየትም ስንሄድ በየመንገዱ እየቆምን፣ ሞተሩ በረድ እስኪል ጠብቀን፣ እያየን እንጨምር ጀመር።

በልግ ሲገባ ሌላ ነገር መጣ። የአባቴ አባት አባባ ወልዴ ሁሩታ ገበያ ውለው ሲመለሱ ፈረሳቸው ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ወደቀባቸውና የግራ እግራቸው ቅልጥማቸው ላይ ተሰበረ፤ አጥንቱም ቆዳውን ቀዶ ወጣ። አሰላ ሆስፒታል ተኝተው ከቆዩ በኋላ አጥንቱ መያያዝ ቢጀምርም ቁስሉ አልደርቅ አለ፤ ሐኪሙ ከጄሶው ላይ በቁስሉ ልክ ቀዳዳ አስከፍቶ፣ በየሳምንቱ እየመጡ ካልታጠበና በንጹሕ ጨርቅ ካልታሰረ እግሩን ልናጣው እንችላለን ብሎ አባቴን ብቻውን ጠርቶ ነገረው። እናቴ ከእኛ ጋር ይቀመጡ ብላ ለመነቻቸው። አያቴ ግን ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ እምቢ ካሉ እምቢ የሆኑ ሰው ነበሩ። «ልጄ፣ እኔ ከተማ ውስጥ ተቀምጬ ማሳዬን ማን ይዘራዋል?» አሉና ወደ ቀበሌያቸው ተመለሱ። ወደ እሳቸው ቤት የሚያደርሰው መንገድ ዝናብ ከጣለ አውቶቡስም ባጃጅም የማይደፍረው ነበር። ስለዚህ በየሳምንቱ ማክሰኞ ነጯ መኪና ሄዳ አያቴን ታመጣለች፤ ቁስላቸው ከታጠበ በኋላም መልሳ ታደርሳቸዋለች።

አባቴ መኪናዋን የሚያሳያት ቱሉ ለሚባል መካኒክ ነበር፤ አብረው ያደጉ፣ አንድ ትምህርት ቤት አብረው ያረፈዱ ሰዎች ናቸው። ቱሉ የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ወደ ፀሐይ አዙሮ ካየ በኋላ፣ «ንጹሕ ነው፤ አቧራ አልገባባትም። ይሄ ከላይ ነው» አለና፣ የሞተሩን ክዳን አንስቶ ቫልቮች ላይ የሚቀመጡትን፣ አርጅተው እንደ ቀንድ የደረቁትን ትንንሽ ጎማዎች ሁሉ ቀየራቸው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ጭሱ ቀነሰ። አባቴ እያፏጨ ገባ፤ እናቴም ልብሷን እንደገና ግቢ ውስጥ ማስጣት ጀመረች። ከፋሲካ በኋላ ግን ትምህርት ባልነበረበት አንድ ማክሰኞ፣ ዳገት ላይ ሳለን፣ በኋላ መስታወት የምናየው መንገድ ድንገት ጠፋ፤ ከኋላችን ሰማያዊ መጋረጃ ብቻ ነበር።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሊገባ ደመናው ጭላሎ ተራራ ላይ በተከመረበት ከሰዓት በኋላ፣ ሦስታችንም ቱሉ ጋራዥ ነበርን። እናቴ ከትምህርት ቤት ወጥታ የፈተና ወረቀት እንደታቀፈች ነበር የመጣችው። ቱሉ ሞተሩን አስነስቶ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ሲከፍተው፣ ከውስጥ ሞቃት ጭስ ቱፍ ቱፍ እያለ ወጣ፤ ከሥር የታመመ እንስሳ ተኝቶ የሚተነፍስ ነበር የሚመስለው። ቱሉ ክዳኑን ቀዳዳው ላይ ቢያስቀምጠው ትንፋሹ አንጥሮ ጣለው። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ እጁን ጠረገ።

«ግርማ፣ ይሄ ከላይ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ፋሻው አልቋል፤ ፒስቶኑን የሚያቅፉት ቀለበቶች ማለቴ ነው። እሳቱ ወደ ታች ያመልጣል፣ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል። ሙሉውን ማውረድ ነው። ዛሬ ብታቆማት ጥሩ ነው።»

«ዛሬ አላቆማትም። ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ፣ ሲሊንደሩ ተቦርቡሮ እስኪመለስ... ክረምቱን እዚሁ ናት።»

«ክረምቱን አባባን በምን ላመጣቸው ነው ታዲያ? በየሁለት ሳምንቱ እየመጣሁ ብታያትስ?»

ቱሉ ወደ እናቴ ዞር ብሎ አያት፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ አቦ። የናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት መጠጣት ከለመደ፣ አንድ ቀን ነዳጁን ብትዘጋበትም አይቆምም። ዘይቱን እያነደደ ራሱ ይሄዳል። ቁልፍ አይሰማም። ፈንድቶ ወይ ብረቱ ብረቱን ነክሶ እስኪቆም ድረስ ይጮሃል።»

«ያን ጊዜ ምን ይደረጋል?» ያለችው እናቴ ነበረች።

«አየር መከልከል ነው። የሚተነፍስበትን አፍ በወፍራም ነገር መድፈን። በባዶ እጅ ግን አይሆንም፤ ይስባል።»

 በማግስቱ ማታ እናቴ እኔ የተኛሁ መስሏት፣ «አባባን እናምጣቸው፤ ባይፈልጉም ተሸክመን እናምጣቸው» ስትለው ሰማሁ። አባቴም «ከዚያ መሬት ካወጣኋቸው አይመለሱም፤ አውቃቸዋለሁ» አላት። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ለዚህም ይመስለኛል ክርክሩ ያላለቀው፤ እንዲሁ በየቀኑ እየተነሳ፣ በየቀኑ ሳይቋጭ እየቀረ፣ ሐምሌ ደረሰ።

የዚያ ዓመት ክረምት ጉም የማይገፈፍበት ክረምት ነበር። ጠዋት ስንነሳ ከግቢያችን በር ወዲያ ያለው ዓለም አይታይም፤ የጋሪ ፈረሶች ኮቴ ይሰማል እንጂ ፈረሶቹ አይታዩም። አባቴ መንዳቱን ትቶ ማዳመጥ የጀመረ እስኪመስል ድረስ አንገቱን ወደ መሪው ደፍቶ ይነዳ ነበር፤ ሬዲዮ መክፈት ከተወ ቆይቷል። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እናቴ በየማክሰኞው አብራ መሄድ ጀመረች። አያቴ እግራቸውን የሚያሳርፉበት ነው ብላ አንድ ወፍራም ቡልኮ ኋላ ወንበር ላይ ታነጥፍ ነበር፤ ወደ አያቴ ቤት ስንሄድ ግን አጥፋ ጭኗ ላይ ታስቀምጠው ነበር። እኔም ቤት ብቻዬን ስለማልቀር አብሬያቸው እሄድ ነበር።

ያን ማክሰኞ አያቴን ከቤታቸው ደግፈን አውጥተን፣ ጄሶ ያለበትን እግራቸውን ወንበሩ ላይ ዘርግተን፣ እኔ ከፊት እናቴ ጉያ ውስጥ ተቀምጬ ጉዞ ጀመርን። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ሞልቶ ነበር። አባቴ ወርዶ በዱላ ጥልቀቱን ለክቶ፣ ቀስ ብሎ አሻገረንና ከወንዙ ማዶ ያለውን ዳገት ጀመርን። በግራችን በኩል ያለው ገደል ጉም ሞልቶት ስለነበር ሜዳ ይመስላል። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አደረገ። አባቴ የረገጠው መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው ግን እግሩን ከነዳጁ ላይ አንስቷል።

ድምፁ እየጨመረ ሄደ። ከጩኸት አልፎ ፉጨት፣ ከፉጨትም አልፎ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ነገር ሆነ። አባቴ ፍሪሲዮንና ፍሬኑን አንድ ላይ ረግጦ አቆማትና ቁልፉን አጠፋ። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ቁልፉን ነቅሎ አወጣው፤ እጁ ላይ ይዞት እያየው ሞተሩ መጮኹን ቀጠለ። ቁልፉን እንዲህ ይዞ ሲያየው የነበረው ፊቱ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ትልቁን ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬኑን እንደረገጠ ፍሪሲዮኑን ለቀቀው፤ አንቆ ሊያጠፋት ነበር። ሞተሩን ከጎማዎቹ ጋር የሚያያይዘውና ክረምቱን በሙሉ ጭቃ ሲታገል የከረመው ፍሪሲዮን ግን አልያዘም፤ መኪናዋ ዘላ ወደ ግራ፣ ወደ ገደሉ በኩል ሁለት ጊዜ ተስፈነጠረችና ሌላ የሚያር ነገር ሸተተን። አባቴ መልሶ ረገጠው።

«ውጡ!» አለ። «የሺ፣ ልጅቷን ይዘሽ ውጪ! ድንጋይ፣ ከጎማዋ ኋላ ድንጋይ አድርጉ!»

እናቴ እኔን ገፍትራ አወጣችኝና ከመንገዱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ እንድወጣ ጮኸችብኝ፤ እሷ ድንጋይ እያቀፈች ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ትወትፍ ጀመር። የእጅ ፍሬኑ ከሠራ ቆይቷል፤ አባቴ እግሩን ካነሳ መኪናዋ ወደ ኋላ ትንከባለላለች፤ ከኋላ ወንበር ላይ ደግሞ አያቴ እግራቸው ተዘርግቶ ጣሪያውን እያዩ ተኝተዋል። «እኔን ተወኝና ውረድ! ግርማ፣ ውረድ እልሃለሁ!» ሲሉት በተከፈተው በር ይሰማኝ ነበር። አባቴ ወደ ኋላ እንኳ አልዞረም። «አልወርድም አባባ፤ ዝም ብለው ይቀመጡ» አላቸው።  ጭሱ ከጉሙ ጋር ተደባልቆ መኪናዋን ሲውጣት፣ እኔ ከዚያ በኋላ የማየው የእናቴን ነጭ ሻሽ ብቻ ነበር።

ሻሹ ወደ ፊት ሄደ፤ በዚያ በኩል ጭሱ ሳሳ ያለ ስለነበር እናቴን እንደገና አየኋት። «ኮፈኑን ክፈተው!» ስትል ሰማኋት። ቡልኮውን ከመኪናው ውስጥ ጎትታ መንገድ ዳር የተኛ ውኃ ውስጥ ነከረችው፤ ከዚያ ኮፈኑን ወደ ላይ ጣለችውና እየተንቀጠቀጠ በሚጮኸው ሞተር ላይ ተደፋች። ቡልኮውን አጣጥፋ የአየር መሳቢያው አፍ ላይ ደፈነችው። ሞተሩ ከእጇ ነጥቆ ሊውጠው የሚስብ ነበር የሚመስለው፤ በሁለት እጇ ይዛ በደረቷ ተጫነችው። ድምፁ ወረደ። መሳል ጀመረ። ሊጠፋ ነው ስንል ግን አልጠፋም፤ እንደታነቀ ሰው እየተሳሳበ መተንፈሱን ቀጠለ፣ መልሶም እየበረታ ሄደ።

«ሌላ ቦታ አየር አለው!» ብላ ጮኸች እናቴ። «ከየት ነው የሚስበው? ግርማ፣ ከየት ነው?»

አባቴ ምን ሊላት ይችላል፤ እሱ ካለበት ምንም አይታየውም። እናቴ በግራ እጇ ቡልኮውን እንደያዘች ቀኝ እጇን በወፍራሙ የጎማ ቱቦ ሥር ሰደደች። ቱቦው ከሞተሩ ከመገናኘቱ በፊት ወደ ታች በሚታጠፍበት ቦታ፣ ከላይ በማይታይ ጎኑ፣ የሆነ ነገር መዳፏን ሳባት። የቡልኮውን ጫፍ ጎትታ እዚያ ላይ ጠቀጠቀችው። ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ መኪናዋን በሙሉ አንዘፈዘፋትና ተገታ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጸጥታ ከጩኸቱ የባሰ ነበር። ወንዙ ይሰማል። ከኮፈኑ ሥር የሆነ ነገር ቲክ ቲክ እያለ ይበርዳል። አባቴ እግሩን ከፍሬኑ ማንሳት ስላቃተው ጉልበቱን በእጁ ይዞ ነው ያነሳው፤ ድንጋዮቹ መኪናዋን ይዘዋታል። ወርዶ ወደ እናቴ ሲሄድ ክንዷ ከመዳፏ በላይ በጋለው የጭስ ቱቦ ተቃጥሎ ቆዳው ተነስቶ አየ። «የሺ...» ብሎ ሊቀጥል ሲል፣ «አሁን አይደለም» አለችው። «መጀመሪያ አባባን እናድርስ።»

ጩኸቱን ሰምተው ሁለት ፈረሰኞች ከላይ ከጉሙ ውስጥ ወረዱ፤ ፈረሶቻቸው መኪናዋን ላለመቅረብ ወደ ኋላ ያፈገፍጉ ነበር። አያቴ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ «አካም ጅርቱ?» ብለው ሰላምታ ሰጧቸውና በኦሮምኛ የየቤታቸውን ደኅንነት መጠየቅ ጀመሩ። አንደኛው ሰውዬ ሄዶ ጋሪ ይዞ መጣ። አያቴን ገለባ ላይ አስተኝተን፣ እናቴም አጠገባቸው ክንዷን በእርጥብ ሻሽ ጠቅልላ ተቀምጣ፣ ሁሩታ ደረስን፤ ከሁሩታም በሰው መኪና አሰላ ገባን። ሆስፒታል ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው አከሟቸው። አያቴ የእናቴ ቁስል ሲጠረግ ፊታቸውን አዞሩ፤ የራሳቸው ሲጠረግ ግን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ነበር የሚያዩት። ያን ቀን ወደ ማሳቸው ልመለስ አላሉም።

ነሐሴን በሙሉ ከእኛ ጋር ተቀመጡ። መኪናዋን በትራክተር አስጎትተው አምጥተው ግቢያችን ውስጥ ካቆሟት በኋላ፣ አያቴ በረንዳ ላይ በርጩማ ላይ እግራቸውን ሰቅለው እሷን ፊት ለፊት እያዩ ይውሉ ነበር። ቁስላቸው እየደረቀ ሄደ። ድምፃቸው ግን በዚያው ልክ እየቀነሰ መጣ፤ ማታ ማታ ዝናቡን እየሰሙ፣ «ይሄ ዝናብ ለስንዴው በዛ» ይላሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

መስከረም ሲጠባ ቱሉ ሞተሩን አውርዶ ፈታው። ቀለበቶቹን ከፒስቶኑ ላይ እያወለቀ ጨርቅ ላይ ሲደረድራቸው ጠርዛቸው እንደ ምላጭ ሳስቶ ነበር፤ የሲሊንደሩ ግድግዳም ከላይ እስከ ታች ተፋፍቋል። አባቴ እርጅና ነው አለ። ቱሉ ግን እንዲህ አድርጎ የሚበላው አቧራ ብቻ ነው፤ ማጣሪያው ደግሞ ንጹሕ ነበር ብሎ ግራ ተጋብቶ ቆመ። ያን ጊዜ ነው እናቴ ክንዷን እንደታሰረች ከበረንዳው የወረደችው። «ከታች በኩል ይስብ ነበር» አለችው፣ «ቱቦው ከሚታጠፍበት ሥር።» ቱሉ ቱቦውን ፈትቶ ገልብጦ ሲያጥፈው፣ ጎማው ከብረት ማሰሪያው ጋር ሲፋተግ ኖሮ በተሰነጠቀበት በኩል እንደ አፍ ተከፈተ፤ ውስጡ ላይ እንደ ዱቄት የላመ የማሳ አቧራ ከዘይት ጋር ተጋግሮ ነበር። አየሩ ማጣሪያውን ሳይነካ ነበር የሚገባው። ለዚህ ነው ማጣሪያው ንጹሕ የነበረው።

ቱሉ ቱቦውን ይዞ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። «ንጹሕ ሆኖ ሳየው እኮ ደስ ብሎኝ ነበር» አለ።

ዕቃው ከአዲስ አበባ መጣ። ሲሊንደሩ ተቦርቡሮ፣ በልኩ አዲስ ፒስቶንና ፋሻ ገብቶ፣ ቱቦውም ፍሪሲዮኑም ተቀይሮ ሞተሩ ሲገጣጠም ጥቅምት ሆኗል። ቱሉ አባቴን ቀለበቶቹ እስኪላመዱ ድረስ በዝግታ ንዳ፤ የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ ድፋው፤ ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ብታገኘውም እስከ ቱቦው ድረስ ሳታይ አትለፍ አለው። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ዘይት አልጎደለባትም። አባቴ ግን ያንን ማመን አቃተው፤ ጠዋት ጠዋት መለኪያውን አውጥቶ ዘይቱን በልኩ ሆኖ ሲያገኘው፣ ጠርጎ መልሶ ይከተዋል፣ እንደገናም ያወጣዋል። እናቴ የመኪናዋን ስም አንስታ አታውቅም። ከፊት ወንበር ላይም ዳግመኛ ተቀምጣ አታውቅም፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከኋላ ነበር የምትቀመጠው፣ በሩ አጠገብ።

ስንዴው ሊታጨድ ሲል አባቴ አያቴን ማሳቸውን ሊያሳያቸው ወሰዳቸው። እዚያው ቀበሌ ያለው የአባቴ ወንድም፣ አጎቴ፣ ከጎረቤት ጋር ሆኖ ዘርቶት ስለነበር ማሳው ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆኖ ይወዛወዛል። አያቴ በከዘራ መራመድ ጀምረው ስለነበር አባቴ በሩን ከፍቶ እጁን ዘረጋላቸው። እሳቸው ግን አልወረዱም። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩና፣ «ጥሩ ነው፤ ያለእኔም ይበቅላል» አሉ። «መልሰኝ በቃ።» በሚቀጥለው በልግ፣ እግራቸው ሙሉ በሙሉ ድኖ ሳለ፣ በረንዳችን ላይ በተቀመጡበት ዐረፉ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ለቅሶው እንዳለፈ አባቴ ለእናቴ፣ «መኪናዋን ሰኔ ላይ ብናቆማት ኖሮ...» ብሎ ጀምሮ ሳይጨርሰው ቀረ። ብናቆማት ኖሮ እግራቸውን ያጡ ነበር፤ ስላላቆምናት ደግሞ ሁላችንም እዚያ ገደል ውስጥ ልንቀር ነበር። እናቴ ጎኑ ተቀምጣ ጋቢውን አስተካከለችለት።

ዛሬ ያ ዳገት አስፋልት ሆኗል። ወንዙ ላይ ድልድይ ተሠርቷል፤ አምቡላንስም ክረምት ከበጋ እስከ አጎቴ ደጃፍ ይደርሳል። እኔ አዳማ የራሴን መኪና እነዳለሁ፤ ኮፈኗን የከፈትኩበትን ቀን አላስታውስም፤ የምትፈልገው ነገር ካለ መብራት ታበራለች፣ እወስዳታለሁ፣ ሌላ ሰው ይሠራታል። ባለፈው መስከረም አባቴንና እናቴን ከአሰላ ወስጄ፣ ልጄንም ይዤ፣ የአያቴን መቃብር ልናይ ወደዚያ ወጣን። አባቴ አሁን አያቴ በዚያን ጊዜ የነበሩበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። መቃብሩን አይተን ስንመለስ ስለ እህል ዋጋ ሲያወራኝ ከቆየ በኋላ ቃሉ ተቆረጠ። ዞር ብዬ ሳየው አገጩ ደረቱ ላይ ወርዷል። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ፤ እናቴም ልጄ ላይ ደገፍ ብላ፣ ልጄም እሷ ላይ፣ ሁለቱም ተኝተዋል። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ጀመርን፤ ጉም የለም፤ በግራ በኩል ገደሉ እስከ ታች ወለል ብሎ ይታያል። ያን ጊዜ እዚህ መንገድ ላይ ከመካከላችን ዓይኑን የሚከድን አልነበረም።

አልቀሰቀስኳቸውም።